የሽንኩርት ቢላዋ

ሰርግ ላይ ለደስታ የተተኮሰ ጥይት የሙሽራውን አጎት በገደለ በሳምንቱ፣ የወረዳው አስተዳዳሪ ሕዝቡን አዳራሽ ሰበሰቡ። ነዋሪው «ጠመንጃ ይዞ ሰርግ መግባት ይከልከልልን» ቢል እሳቸው ቱግ አሉ።

«ጠመንጃው ምን አጠፋ? ጥፋቱ ያለው የሰው ልብ ውስጥ ነው! ጠመንጃ ብቻውን ተነሥቶ ሰው ሲገድል ያየ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ!»

የጽሕፈት ቤታቸው ሰዎች አጨበጨቡ። ከገበያ በቀጥታ የመጣች አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ግን እጇን አወጣች።

«አይቻለሁ ልትዪ ነው?» አሏት አስተዳዳሪው እየሣቁ።

«ኧረ አላየሁም ጌታዬ። የእኔም የሽንኩርት ቢላዋ ብቻውን ተነሥቶ ማንንም ወግቶ አያውቅም። ጠባቂዎችዎ ግን እሱን በር ላይ ተቀብለውኝ ነው ያስገቡኝ። ልቤንማ ማንም ሳይፈትሸው ይኸው ፊትዎ ቆሜያለሁ።»