የሌለ ፍሬን

አንድ ሹፌር ነበሩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ከባድ መኪና የነዱ፣ ተሳቢ እየጎተቱ አሰብ የወረዱ፣ በኋላም ጅቡቲ የተመላለሱ ሰው። ስማቸውን ጋሽ ደርቤ እንበል። እውነተኛ ስማቸውን ብጠራ ይቆጡኛል፤ ምክንያቱም አሁን እዚሁ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ደርቤ፣ ወደ ኋላ አይዙሩ፤ ሰው ይነቃብዎታል!

እኚህ ሰው ጡረታ ወጡ። ጡረታ ወጡ ስላችሁ መኪናው ቀረ እንጂ ሹፌርነቱ አልቀረም። ታክሲ ሲሳፈሩ ጋቢና ይገቡና ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ሹፌሩን ሲያስተምሩት ይሄዳሉ። አንዱማ መሮት፣ "አባት፣ ወይ ይንዱ ወይ ይውረዱ" አላቸው። ወረዱ።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ትርሲት ትባላለች። ጣሊያን አገር፣ ቦሎኛ በምትባል ከተማ ነርስ ናት። ይህች ልጅ ስታድግ አባቷ መንገድ ላይ ነበሩ። ልደት ሲሆን መንገድ ላይ፣ ፋሲካ ሲሆን መንገድ ላይ። እንጀራ ነው፣ ማን ይፈርድባቸዋል? ግን ልጅ አባቷን ከጀርባው ብቻ እያየች ስታድግ፣ አንድ ቀን ፊቱን ወደ እኔ ቢያዞር ትላለች።

በሠላሳ ሰባት ዓመቷ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ሁለት ጊዜ ወድቃ፣ በሦስተኛው። ማንን ቀድማ ደወለች? አባቷን። "አባዬ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ!"

"እሰይ የኔ ልጅ!" አሉ ጋሽ ደርቤ። "ግን አትንጂ።"

አያችሁ? ሰው ባርኮ በዚያው አፉ እንዲህ ያደርጋል። ልጅቷ ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና ወሰነች። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ አባቷ አጠገቧ ተቀምጠው፣ እሷ እየነዳች፣ እፎይ ሲሉ ማየት። ሌላ ምንም አልፈለገችም። ከሥራ ፈቃድ ለመነች፣ ቪዛው ዓመት ፈጀ፣ በመጨረሻ ነሐሴ ላይ አመጣቻቸው። አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ተከራየች፤ አባትና ልጅ ለሰባት ቀን ቶስካና የሚባለውን አገር ሊያዩ ወጡ።

ነሐሴ እኛ ዘንድ ጭቃና ጃንጥላ ነው። እዚያ ግን በጋ ነው። ቶስካና ማለት ኮረብታ በኮረብታ ላይ የተደረደረበት አገር ነው። በየኮረብታው ጫፍ ላይ ከድንጋይ የተሠራች ከተማ አለች፤ ከሥሯ ወይን፣ ከወይኑ ቀጥሎ ወይራ፣ ከወይራው ወዲያ ማሳ ሙሉ የሱፍ አበባ። ከዓለም ዙሪያ ሰው የሚጎርፈው ይህን ሊያይ ነው።

ጋሽ ደርቤስ ምን አዩ? አስፋልት! አስፋልት ነዋ! ገና ከቦሎኛ ሳይወጡ የቀኝ እግራቸው ሥራ ጀመረ። ፊት ለፊት መኪና ባዩ ቁጥር ጋቢና ቁጭ ብለው መሬቱን ይረግጣሉ። እዚያ ፍሬን አለ? የለም። ግን ይረግጣሉ። የእግር ምንጣፉ ተጨማዶ፣ ተጠቅልሎ፣ ወደ ፊት ሄደ።

"ያዢው! ያዢው!"

"አባዬ፣ መብራቱ አረንጓዴ ነው'ኮ።"

"አረንጓዴም ቢሆን ያዢው!"

መጀመሪያ ፒሳ ሄዱ፤ ያ ያዘመመው ግንብ ያለበት። ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ግንቡን የደገፈ እየመሰለ ፎቶ ይነሳል። ጋሽ ደርቤ አንዴ ቀና ብለው አዩና፣ "ጭነቱን ወደ አንድ ጎን ጭነውት ነው" ብለው ወደ መኪናዋ ተመለሱ። ለምን ተመለሱ? ታኮ ሊያደርጉ!

ታኮ ታውቃላችሁ አይደል? መኪና ሲቆም እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር የሚገባው ድንጋይ። የአገራችን ሹፌር ታኮ ሳያደርግ ምሳ አይበላም። ጋሽ ደርቤም ከመንገድ ዳር አንድ ደህና ድንጋይ መርጠው፣ በፌስታል ጠቅልለው፣ እግራቸው ሥር አስቀምጠው ይዞሩ ነበር። መኪናዋ በቆመች ቁጥር ወርደው ያስገባሉ፤ ስትነሳ ያወጣሉ። እነዚያ ሁለት ሰዎች ቶስካናን የጎበኙት ከድንጋይ ጋር ሦስት ሆነው ነው።

ሲዬና የምትባል ከተማ ደረሱ። መሐሏ ላይ ትልቅ አደባባይ አለ፤ በሸክላ ጡብ የተነጠፈ፣ ወደ መሐል ቀስ እያለ የሚያዘቀዝቅ። ሰው ሁሉ ጡቡ ላይ ተጋድሞ ፀሐይ ይሞቃል። ሽማግሌ የለ፣ ሕፃን የለ፣ ሁሉም ጋደም። ትርሲትም ጋደም አለችና፣ "አባዬ፣ ና አረፍ በል" አለቻቸው።

"መኪናዋ ዳገት ላይ ናት" አሉ። ቆመው!

ማታ ማታ የሚያርፉት ገጠር ውስጥ፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቤት ነበር። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሽማግሌው ሲወጣ፣ ጋሽ ደርቤ የመኪናዋን ኮፈን ከፍተው ዘይት ሲያዩ አገኛቸው። ቋንቋ የለም። ግን ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ እየተባባሉ በአንድ ጊዜ ወዳጅ ሆኑ፤ መቼም የመኪና ቋንቋችን ከማን እንደመጣ ታውቃላችሁ። ሽማግሌው መካኒክ መስለውት እጃቸውን ይዞ የተበላሸ ትራክተሩ ጋ ወሰዳቸው። ሊያርፉ የመጡት እንግዳ እስከ ቀትር ትራክተር ሥር ተኝተው ዋሉ! በዚያ ሳምንት የሳቁት ያን ጠዋት ብቻ ነው። ትርሲት ቁርሷን ብቻዋን በላች።

እዚህ ላይ አትሳቁ። ልጅቷ የቀራት ሦስት ቀን ነው።

በአምስተኛው ቀን አንዲት ኮረብታ ላይ ያለች ከተማ ወጡ። መኪናዋን ቁልቁል አቆመቻት፤ ጋሽ ደርቤ ታኮውን ከፊተኛው ጎማ ፊት አስገቡ። ጄላቲ በሉ። ሲመለሱ ከኋላ ሌላ መኪና ቦታውን ፈልጎ ጡሩምባ ያንጫርራል። "አባዬ፣ ቶሎ ግባ!" አለች። ጋሽ ደርቤም ተቻኩለው ገቡ፤ ገብተውም "ወደ ግራ እዪ፣ ወደ ቀኝ እዪ" ሲሉ፣ በሠላሳ ስምንት የሹፌርነት ዓመታቸው ረስተው የማያውቁትን ረሱ። ታኮውን!

ልጅቷ ነዳች። መኪናዋ ድንጋዩ ላይ ወጣች፣ ጓ! ብላ ወረደች፤ ሆዷ ከዳር እስከ ዳር ተፋቀ።

"ፍሬን! ፍሬን አላልኩሽም?!" ብለው ጮኹባት።

የማን ድንጋይ ነበር? የማን ጥንቃቄ ነበር? መንገዱ አልጎዳቸውም፣ የሰው መኪና አልነካቸውም። የጎዳቸው እንዳይጎዱ ያስቀመጡት ነው። ደግሞ እኮ ወርደው ድንጋዩን አነሡና ፌስታላቸው ውስጥ መልሰው ከተው መኪናዋ ውስጥ ገቡ! እልህ!

ትርሲት ከከተማዋ ወጥታ የወይራ ዛፍ ካለበት ዳር ቆመች። ሞተር አጠፋች። ቁልፉን ነቅላ የአባቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

"እንካ።"

"ምን ላድርገው? የዚህ አገር መንጃ ፈቃድ የለኝም'ኮ።"

"ታዲያ ለምን ትነዳለህ?"

ጋሽ ደርቤ ቁልፉን አገላበጡት።

"አባዬ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ደሴ ይዘኸኝ ስትሄድ ትዝ ይልሃል? ጣርማ በር ላይ ጉም ነበር። ገደሉ አይታይም። ተሳቢው እስከ አፉ ጭነት ነው። ያን ቁልቁለት ስንወርድ እኔ ምን አደረግኩ?"

አሰቡ። አስታወሱ። "ተኛሽ።"

"ተኛሁ! ደብረ ሲና ስንደርስ ቆሎ ገዝተህ ነው የቀሰቀስከኝ። ፍሬኑ ይሠራል ወይ ብዬ ጠየቅኩህ?"

"ኧረ አልጠየቅሽም።"

"ለምን አልጠየቅኩም? የምትነዳው አንተ ነበርካ!" አለችና መሪው ላይ ተደፍታ ተንሰቀሰቀች። "እኔ ለአንተ ሕይወቴን ሰጥቼህ ተኛሁ። አንተ ለእኔ አንዲት ሰዓት ዓይንህን አትከድንልኝም?"

ወገኖቼ፣ አሰብ መስመር ላይ ያን ሁሉ ሐሩር የቻለ ሰው እዚያች ትንሽ መኪና ውስጥ ላብ አጠመቀው። ጋሽ ደርቤ በሩን ከፍተው ወረዱ። ልጅቷ የመኪናዋን ሆድ ሊያዩ የወረዱ መሰላት። እሳቸው ግን ፌስታሉን ይዘው አንድ የወይራ ዛፍ ሥር ሄዱ፣ ድንጋዩን አስቀመጡት፣ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ቁልፉን ሰጧት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ፈቱ። ቀኙን አወለቁ፣ ግራውን አወለቁ፣ እግራቸውን ወንበሩ ላይ አጣጥፈው ተቀመጡ፤ እንዳይረግጡ!

"ንጂ" አሉ።

አንዲት ቃል። ግን ስንት ዓመት የተጠበቀች ቃል ናት? ልጅቷ ነዳች። የመጀመሪያውን ኩርባ ሲዞሩ የጋሽ ደርቤ የእግር ጣቶች ካልሲው ውስጥ ጭምድድ አሉ። ሁለተኛው ላይም ጭምድድ አሉ። ሦስተኛው ላይ ተዉት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ፊት ለፊት ብቻ ያየ ዓይን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጎን ዞረ።

"ውይ! ይሄ ሁሉ ሱፍ ከየት መጣ?"

"ከትናንት ወዲያም ነበር አባዬ።"

ትንሽ ቆይተው ምን ተሰማ? ማንኮራፋት! የአገሩን ምርጥ መንገድ፣ ሰው ለፎቶ የሚሰለፍበትን ኮረብታ፣ ጋሽ ደርቤ በእንቅልፍ አለፉት። ቀሰቀሰቻቸው? በፍጹም! ያን ቀን ከኮረብታው ይልቅ ያ ማንኮራፋት ጣማት። ከአንድ መንደር ስትደርስ መንገድ ዳር የበሰለ ኮክ ገዛችና፣ "አባዬ፣ ደርሰናል" ብላ ቀሰቀሰቻቸው።

በተመለሱ ጊዜ ጠየቅኋቸው። "ጋሽ ደርቤ፣ ቶስካና ላይ ምን አዩ?" ግንቡን ይነግሩኛል፣ አደባባዩን ይነግሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። "ልጄ መንዳት ትችላለች" አሉኝ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። እናንተስ እግራችሁ የት ነው?

እርስዎ እናት፣ ልጅዎን ድረዋል። መርቀው፣ እልል ብለው ሰጥተዋል። ታዲያ በቀን አምስቴ እየደወሉ "ወጡ ጨው በዛበት ወይ? ባልሽ ስንት ሰዓት ገባ?" የሚሉት ምንድን ነው? ያ እኮ የሌለ ፍሬን ነው! አባት፣ ሱቁን ለልጅዎ አስረክበዋል። ታዲያ በር ላይ ወንበር አውጥተው ደንበኛውን የሚቆጣጠሩት ለምንድን ነው? እኔም አለሁበት። ባለቤቴ ስትነዳ ዓይኔን ጨፍኜ የምጸልይ መስያችሁ ነበር? እግሬን ጠይቁት!

ከሁሉ የሚብሰው ግን ይህ ነው። ተንበርክከን "ጌታ ሆይ፣ ሕይወቴን ለአንተ ሰጥቻለሁ፣ አንተ ምራኝ" እንላለን። አሜን ብለን እንነሳለን። ከዚያስ? ከበሩ ሳንወጣ "ያዘው! ያዘው! ወደ ግራ እይ!" እንለዋለን። ለእግዚአብሔር መሪውን ሰጥተን ጋቢና ላይ ሆነን እናስተምረዋለን። እሱ አረንጓዴ ሲያበራ እኛ እንረግጣለን። ደግሞ "ሰላም የለኝም፣ ድካም በዛብኝ" እንላለን። እንዴት አይደክመን? የሌለ ፍሬን ሲረግጥ የዋለ እግር እንዴት አይደክመው?

አንዱ ይነሳና፣ "ታዲያ ምንም አንሥራ?" ይለኛል። ማን አለ? መሪው በእጅህ ሲሆን ፍሬንህን ያዝ! ጋሽ ደርቤ ጣርማ በር ላይ ጫማ አላወለቁም። የተሰጠህን ንዳ፤ አጥብቀህ ንዳ። እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፦ ይህ አሁን እንቅልፍ ያሳጣህ ጉዳይ፣ መሪው በማን እጅ ነው? በአንተ ካልሆነ፣ ታዲያ ለምን ትነዳለህ?

ያ በፌስታል የያዛችሁት ድንጋይ ምንድን ነው? "ምናልባት ባይሆንልኝ" ብላችሁ እግራችሁ ሥር የደበቃችሁት? ጥንቃቄ ትሉታላችሁ። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ሕይወታችሁ የሚፋቀው በእሱ ነው። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ አንድ ዛፍ ፈልጉና ሥሩ አስቀምጡት። ጌታችንን አታውቁትም? ታንኳዋን ማዕበል ሲያላጋት እሱ ተኝቶ ነበር። የአባቱን እጅ ያውቃል።

ማረፍ ስንፍና አይደለም፤ እምነት ነው። የሚነዳችሁ መንገዱን ያውቀዋል፤ መንገዱን የሠራው እሱ ነው። ጎናችሁ ያለውን አበባ እዩ፤ ከትናንት ወዲያም ነበር። ደግሞ ስትደርሱ ይቀሰቅሳችኋል፤ ባዶ እጁን አይቀሰቅስም።

አላመናችሁኝም? እስቲ ቀስ ብላችሁ ሦስተኛውን ረድፍ እዩ። ቀስ ብላችሁ አልኩ! ይኸው እኔ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ስሰብክ ጋሽ ደርቤ ተኝተዋል። ጫማቸውንም አውልቀዋል። ኧረ አትቀስቅሷቸው! የሚነዳውን አውቀው ነው የተኙት።