አየር ላይ የጠበቀ ቡሎን

አንድ ሰው ነበረ፤ ፈሪ ሰው። ስሙን አልነግራችሁም፣ ከመካከላችሁ ዘመድ አያጣም። ኑሮው ደብረ ብርሃን ነው፤ የሚስቱ እናት ቤት ደግሞ ከአንኮበር ቁልቁል፣ አልዩ አምባ። ያንን ቁልቁለት የወረዳችሁ ታውቁታላችሁ። በአንድ በኩል ተራራ ነው፣ በሌላው በኩል ምንም የለም።

ይህ ሰው አሮጌ ፎር ዊል መኪና አለችው። ከሥር የሚሸከሟት ባሌስትራዎች ጎሚኒያቸው አልቋል። ጎሚኒ ማለት ብረት ከብረት እንዳይፋጭ መሐል የሚገባ ላስቲክ ነው። እሱ ሲያልቅ መኪና ኮረኮንች ላይ ቋ! ቋ! ትላለች፤ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ወደፈለገችበት ትሄዳለች። ሰውየው ግን ሚስቱን ውባለምንና የአራት ወር ልጃቸውን ይዞ ሊወርድ ቃል ገብቷል፤ አያትየው ሕፃኗን ገና አላዩዋትም። ገደሉ ግን ያስፈራዋል።

አዲስ ጎሚኒ ገዛና ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ መኪናዋን በክሪክ አነሳት። ጎረቤቱ ጋሽ ጥላዬ፣ ዕድሜያቸውን በጋራዥ የጨረሱ ሰው፣ በአጥር በኩል አዩት።

«ስማ! ቡሎኑን ለጊዜው በእጅህ ብቻ አስገባው። የምታጠብቀው መኪናዋ ወርዳ ክብደቷ ሲያርፍበት ነው። አየር ላይ ካጠበቅኸው፣ ስትወርድ ላስቲኩ ይጠማዘዛል፤ እንደተጠማዘዘ ኖሮ ይቀደዳል።»

«እሺ ጋሼ» አለ።

አሮጌውን በመዶሻ አስወጣ። አዲሱን ሳሙና ቀብቶ አስገባ። ከዚያ የቡሎኑን ቁልፍ ያዘ። ወገኖቼ፣ የፈራ ሰው ቁልፍ ሲይዝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ገደሉ ትዝ ይለዋል፣ ያጠብቃል። ልጁ ትዝ ትለዋለች፣ እንደገና ያጠብቃል። ክንዱ እስኪዝል አጠበቀ። መኪናዋ ግን አየር ላይ ነበረች!

የጋሽ ጥላዬ ነገር ትዝ ያለው ካወረዳት በኋላ ነው። ላላ አድርጎ እንደገና ሊያስር በጀርባው ተኛና ጭንቅላቱን ከሥሯ አስገባ። ያ ሁሉ ብረት ደረቱ ላይ የወረደ መሰለው። ልቡ ከዳው። «ጠብቋል እኮ! ከዚህ በላይ ምን ይጠብቃል?» ብሎ ወጣ፤ ልብሱን አራገፈ።

«አውርደህ አጠበቅኸው?» አሉት ጋሽ ጥላዬ።

«አዎ ጋሼ።»

ፈራሁ ማለት አፍሮ ዋሸ።

አንድ ወር ሙሉ ድምፅ የለም። ጎበዝ ነኝ አለ። ከዚያ ያ ቁልቁለት መጣ። ሁለተኛው ኩርባ ላይ፦ ቋ!

«ምንድን ነው?» አለች ውባለም።

«ድንጋይ ነው።»

ድንጋይ አልነበረም፤ እሱም ያውቃል። ፍሬን ያዘ፤ መኪናዋ ወደ ገደሉ ሳበችው። መሪውን በሙሉ ኃይሉ ወደ ተራራው ቆለመመ። ጎኗ ከአለቱ ጋር እየተፋቀ ሄዳ ቆመች። ሕፃኗ አለቀሰች። እሱም አለቀሰ።

«ሠርቻታለሁ አላልክም?»

«አጥብቄው ነበር፣ እግዚአብሔር ያውቃል! ግን ከወረደች በኋላ ማጥበቅ ነበረብኝ። ከሥሯ መግባት ፈርቼ...»

ውባለም ልጇን እያዘለች አየችው።

«ከሥሯ መግባት የፈራኸው ሰውዬ፣ እኛን ከላይዋ አስቀምጠህ እዚህ ለማምጣት እንዴት አልፈራህም?»

እሷ በእግሯ ቁልቁል መውረድ ጀመረች።

እናንተስ ምን ትመልሱላታላችሁ? ሰነፍ ነበር እንዳትሉ፤ ክንዱ እስኪዝል አጥብቋል። እኛስ አናጠብቅም? ጾሙን እናጠብቃለን፣ ነጠላውን እናጣፋለን፣ ከበሮውን እንመታለን። ከሥር ግን አንድ ነገር አለ። ለዓመታት ያኮረፍነው ወንድም አለ፣ በስውር የምንጠጣው አለ፣ ለሚስት ያልተነገረ አለ። ወደዚያ ስንጠጋ ልባችን ይከዳናል። የንስሐ አባታችን «ልጄ፣ ሁሉን ተናገርክ?» ሲሉን «አዎ አባቴ» ብለን ልብሳችንን አራግፈን እንወጣለን።

የምትፈሩት ለራሳችሁ ነው አይደል? እስቲ ከመኪናችሁ ላይ የተቀመጠው ማን ነው?

እኔ ራሴ ይህን ስናገር ፈርቻለሁ። ዛሬ ቤት ስትገቡ ከመቀመጣችሁ በፊት የልጆቻችሁን ፊት እዩ። እነሱ ገና ቋ! የሚለውን ድምፅ አልሰሙም። አምነዋችሁ ነው የተሳፈሩት።