አያ ጅቦ ለሪሞት እጅ ሲነሳ

ይሄን የሚያምነኝ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ! ጅብ ለሪሞት እጅ ሲነሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አላያችሁም። እንግዲያው ዝም ብላችሁ ስሙ። መሃል ላይ «ውሸት ነው» ያለ፣ እሱ ራሱ ጅብ ነው።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳ ሁሉ በሚያወራበት፣ ዕቃም አፍ በነበረው ዘመን፣ ብርዱ ጆሮ በሚቆርጥ ደጋ አገር አያ ጅቦ የሚባል ይኖር ነበር። አያ ጅቦ አንድ ነገር ብቻ ይመኛል፤ ዳኛ መሆን። ሲበላ ዳኝነት፣ ሲተኛ ዳኝነት፣ ሲያዛጋም ዳኝነት! ታዲያ አንድ ቀን ንጉሡ አያ አንበሶ፣ «ቤቱ የሞቀ፣ እንግዳ አቀባበሉ ያማረ፣ እሱን ዳኛ አደርገዋለሁ» ብሎ አስነገረ።

አያ ጅቦ ይሄን ሲሰማ ሮጦ የጋዝ ምድጃ ገዛ። ጭስ የለው፣ አመድ የለው፣ እንጨቱ እንኳ ከሸክላ የተሠራ የውሸት እንጨት፣ በዚያ ላይ ሪሞት ያለው! ምድጃውን የገጠመችለት እመት ጦጢት ነበረች። ጦጢት የጋዙን ሲሊንደር ውጭ ግድግዳው ስር አቆመች፣ ከምድጃው እግር አንዲት ትንሽ ሳጥን አስቀመጠች፣ ሪሞቱ ውስጥም የባትሪ ድንጋይ ከተተች።

«አያ ጅቦ፣ ይቺ ሳጥን የምድጃው ጆሮ ናት። ሪሞቱ የሚያወራው ከሷ ጋር ነው። በል አሁን የሁለቱንም ላስቲክ እንላጥ።»

«ምን? ላስቲኩን?» አያ ጅቦ ክው አለ። «አንቺ ልጅ፣ ጤናም የለሽ! አዲስ ዕቃ ላስቲኩ ይላጣል እንዴ? የሶፋዬ ላስቲክ ተልጧል? የፍሪጄስ?»

«ኧረ እሳት አጠገብ ናት፣ ይቀልጥባታል!»

ሳጥኒቱም «ኧረ ላብ በላብ ሆንኩ!» አለች። ሪሞቱም «ኧረ ታፈንኩ!» አለ። አያ ጅቦ ግን ጭራሽ ፌስታል አምጥቶ ሁለቱንም ደርቦ ደራርቦ ጠቀለላቸው።

ጦጢት ተናደደች። ጦጢት ደግሞ ስትናደድ አትጮህም፣ ትስቃለች።

«በቃ እንግዲህ፣» አለች፣ «እንዲህ የለበሰ ሪሞት ክብር ይፈልጋል። ሶስቴ እጅ ካልነሳኸው እሺ አይልህም።»

አያ ጅቦ ቆሞ ሪሞቱን ተጫነ። ዝም። አንዴ እጅ ነስቶ ተጫነ። ዝም። ሁለቴ እጅ ነስቶ ተጫነ። ዝም። ሶስተኛው ላይ አፍንጫው ወለል እስኪነካ ሲያጎነብስ፣ ሪሞቱ ሳጥኒቱ ጆሮ ስር ደረሰ። «እህ፣ አሁን ሰማሁህ!» አለች ሳጥኒቱ። ምድጃው ቧ! ብሎ ነደደ።

ወይ ጉድ! አያ ጅቦ አመነ። ጦጢት ራሷ አፏን ይዛ ቀረች፤ ለቀልድ ያለችው ነገር ሠራ እኮ!

ቀኑ ደረሰ። አያ አንበሶ ጎፈሩን አበጥሮ ከች አለ። ገና ከደጃፉ ሲገባ አያ ጅቦ ጀርባውን ሰጠውና ለሪሞቱ እጅ ነሳ፣ እጅ ነሳ፣ እጅ ነሳ። እሳቱ ቧ!

አንበሶ ዓይኑ ፈጠጠ። «አንተ! ከኔ በፊት ለማነው እጅ የነሳኸው?»

«ለ... ለሪሞቱ፣ ጌታዬ። ጌታዬ እንዳይበርድዎት ብዬ እኮ ነው።»

አንበሶ እያጉረመረመ እሳቱ ዳር ተቀመጠ። እንጀራው ቀረበ፣ ወጉ ረዘመ፣ ሙቀቱ ጨመረ። የሳጥኒቱ ላስቲክ መጨማደድ ጀመረ። «አያ ጅቦ፣ ላጠኝ!» አለች። «ዝም በይ፣ እንግዳ አለ።» «አያ ጅቦ፣ ቀለጥኩ!» «ዝም በይ አልኩሽ!» ሶስተኛ ግን አልተናገረችም። ላስቲኩ ቀልጦ ጆሮዋን ደፈነው።

«በቃኝ፣ አጥፋው» አለ አንበሶ።

አያ ጅቦ ሶስቴ እጅ ነስቶ ተጫነ። እሳቱ አልጠፋም። እንደገና ሶስቴ። ምንም! የአንበሶ ጭራ ጫፍ ጨስ አለ።

«ጭራዬ! አንተ ጅብ፣ ጭራዬ!»

«አንድ ጊዜ ጌታዬ፣ ምናልባት በደንብ አላጎነበስኩም ይሆናል!»

ምድጃው «እኔ ምን ላድርግ? ጥፋ ያለኝ የለም!» ይላል። ውጭ ያለው ሲሊንደር «ኧረ አንገቴን አዙሩልኝ! ኧረ እዚህ ነኝ!» ይላል። አያ ጅቦ ማንን ይስማ? እጅ እየነሳ ነዋ!

በዚህ መሃል እመት አህዪት ገል በአፏ ይዛ መጣች። እሳት ጠፍቶባት ከጎረቤት ፍም ልትጭር ነው። ንጉሥ ባለበት ጅብ አይነካኝም ብላ እኮ ነው የደፈረችው። ሲሊንደሩ ሲጮህ ሰማችና ገሉን ጥላ አንገቱን በጥርሷ ጠመዘዘችው። እሳቱ ጭጭ አለ።

አንበሶ የተለበለበ ጭራውን አቅፎ ወጣ፣ አህዪትን ከላይ እስከ ታች አያትና፣ «ከዛሬ ጀምሮ የዚህ አገር ዳኛ አንቺ ነሽ!» አለ።

አህያ? ዳኛ? በጅብ ላይ? አያ ጅቦ መንጋጋው ወርዶ ቀረ። ጣሪያ ላይ ሆና ስትስቅ የነበረችው ጦጢት እንኳ ደንግጣ ልትወድቅ ነበር።

በማግስቱ አያ ጅቦ ጦጢትን ከሰሰ። «ክብርት ዳኛ፣ ለዕቃ እጅ አስነሳችኝ!»

አህዪት ጆሮዋን አቆመች። «ላስቲኩን ላጥ አላለችህም?»

«ብላኛለች።»

«ሳጥኒቱስ አልለመነችህም?»

«ለምናኛለች።»

«አንተስ ምን አልክ?»

አያ ጅቦ መሬት መሬት አየ። «ዝም በይ አልኩ።»

«ሂድ እንግዲህ፣ ላስቲኩን ክሰሰው። አንቺ ጦጢት ደግሞ አትሳቂ፤ በቀልድሽ ንጉሥ ልታቃጥይ ነበር። ሂጂና የሳጥኒቱን ጆሮ ጥረጊ!»

ለዚህ ነው፣ መጠቅለያ የሚያከብር ዕቃውን ያቃጥላል፣ የሚጮህን ዝም የሚያሰኝ ራሱ ዝም ይላል የተባለው።

በሉ እናንተም ይቺን ተረት አፋችሁ ላይ አታሳድሯት፤ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩልኝ። በተለይ ሪሞቱን በፌስታል ለጠቀለለው ለዚያ ለምታውቁት ሰውዬ!