የተላሰ ገበቴ

አንድ ጊዜ ጀርባዋን ጭነት የላጠባት፣ ቁስሏም ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያመረቅዝባት አንዲት አህያ ነበረች። ከተራራው ወዲያ ለቁስል የሚበጅ ጠበል እንዳለ ጎረቤቱ ሁሉ ይነግራታል። «ሂጂና ተጠመቂ እንጂ!» ይሏታል። እሷ ግን ዛሬ ነገ እያለች ቁስሏን ታስታምማለች። የምትሄድበት እግር አጥታ አይደለም። ድመቶቿን ለማን ትታ ትሂድ?

«ድመቶቿ» ስል ለራሴም ግራ ይገባኛል። የእሷ ናቸው እንዳልል ቤቷ ገብተው አያውቁም፤ የእሷ አይደሉም እንዳልል ከግቢዋ ወጥተው አያውቁም። ከጎተራዋ ሥር ተወልደው እዚያው ያደጉ የደጅ ድመቶች ናቸው። አንዷ እማማ ቡሬ የምትባል አሮጊት ናት። ሁለቱ ልጆቿ ናቸው፤ ወንዱ ጥቁሬ፣ ሴቷ ግንባረ ነጯ ሻሺት ይባላሉ። ቀን አይጥ ያድናሉ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ደግሞ አህዪት በገበቴ ፍርፋሪ ታቀርብላቸዋለች። ከሦስቱ ሻሺት ብቻ መጥታ እግሯን ትታከካታለች። አህዪት ያን ጊዜ የጀርባዋ ሕመም ይረሳታል። ሻሺትን ከልቧ ትወዳት ነበር።

አንድ ቀን ቁስሉ ጠናባትና ቁርጥ አለ፤ መሄድ ግድ ሆነ። አህዪት ወንዝ ተሻግራ ወደ ወዳጇ ወደ በጊት ሄደች። በጊት በመስክ እንጂ በአህዪት ግቢ ታይታ የማታውቅ፣ ግን ደግነቷ የተመሰከረላት እናት በግ ናት።

«እህቴ በጊት፣ ድመቶቼን አደራ» አለቻት። «ማታ ማታ ፍርፋሪ በገበቴው አድርጊላቸው። ገበቴው ከጎተራው አጠገብ ነው። ቤት ግቡ አትበያቸው፣ አይገቡም። አትንኪያቸው፣ ይቧጭሩሻል።»

«እትዬ አህዪት፣ በደስታ ነዋ! ግን እኔን ያውቁኛል? አንዴ ወስደው ቢያሳዩኝስ?»

«አይ አንቺ! ድመት ከሆዷ በቀር ምን ታውቃለች? ደግሞም አሁን ተኝተዋል፤ ፀሐይ ሳይከርብኝ ልውጣ። ብቻ አደራ! አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ!»

«አደራ» ማለት ይቀናናል፤ ሦስቴ ካልን በኋላ ሸክሙ ሁሉ ከእኛ የወረደ ይመስለናል። አህዪትም እንደዚያው ሸክሟን ለበጊት አራግፋ መንገዷን ቀጠለች።

በጊት ማታውን መጣች። የአደራ ነገር ነውና በደረቅ ፍርፋሪ መቅረቱን አልወደደችውም፤ ለግልገሏ ከሚተርፈው ወተቷ ቀንሳ ፍርፋሪውን አራሰችው። «ኑ ብሉ» አለች ለስለስ ባለ ድምፅ። ማንም አልመጣም። «እንግዳ ዓይን እያየ እንዴት ይብሉ?» አለችና ፊቷን አዙራ ወደ ቤቷ ሄደች። ሰው ሲበላ ዓይን ማፍጠጥ ነውር ነው ተብላ ያደገች በግ ነበረች። ጨዋነቷ አያስቅም፤ መዘዙ ግን የመጣው ከዚያው ነው።

እሷ ወንዙን ሳትሻገር ቀበሮ እያነፈነፈች በአጥሩ ቀዳዳ ገባች። ከኋላዋ አያ ጅቦ ደረሰ።

«የአህያዋ ሽታ የለም» አለ ጅብ እያዘነ።

«አህያዋስ የለችም። ራት ግን አለ» አለች ቀበሮ፤ ከወተቱ ጥሩ ጥሩውን ቀድማ ላፈችው። ጅብ የተረፈውን በአንድ ጉርሻ ጨረሰና ገበቴውን እንጨቱ እስኪያብለጨልጭ ላሰው። ከዚያ «ቤት ለእንግዳ!» ብሎ ጎተራውን ተደግፎ ተጋደመ።

ጠዋት በጊት ስትመጣ ጅብ ወደ ጉድጓዱ ሄዷል፤ ገበቴው ግን እንደ ታጠበ ነው። «እሰይ፣ በሉልኝ!» አለችና እየዘለለች ተመለሰች።

በጎተራው ሥር ግን ሌላ ወሬ ነበር።

«እማማ፣ ይህቺ ጠጉራም ማን ናት?» አለ ጥቁሬ።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ? እንዲህ ያለች በደጃችን አልፋም አታውቅ።»

«አህዪትስ የት ገባች?»

«ድምጿ ጠፋ» አለች እማማ ቡሬ። «ሳትነግረን የትም አትሄድም ነበር።»

ሻሺት ብዙ አሰበችና «ገባኝ!» አለች። «አህዪትን ጅቡ በልቷታል። ይህቺ ደግሞ የጅቡ ወጥ ቤት ናት። እሷ ታቀርባለች፣ እሱ ይበላል፣ ከዚያ በደጃችን ተኝቶ ያንኮራፋል።»

«በግ ለጅብ ወጥ ቤት? ተሰምቶ ይታወቃል?»

«ታዲያ ያየሽው ምንድን ነው እማማ?»

እማማ ቡሬም ያየችው በእርግጥ ይኸው ነበር። በጊት በመጣች ቁጥር ሦስቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ከጎተራው ሥር ይለጠፋሉ። ማታ ጅቡ ደጁን ስለሚዘጋው ለአደን መውጣት አልቻሉም። ቀን ወጣ ቢሉም ቀበሮ በአጥሩ ዙሪያ ታንዣብባለች። አይጦቹ ይህን አይተው በጎተራው ውስጥ ሠርግ ደገሱ።

እንዲህ እያለ ሰነበተ። አንድ ጠዋት በጊት ሻሺትን ከጎተራው ጀርባ ድንገት አየቻት። የጎድን አጥንቷ ከሩቅ ይቆጠራል። ሻሺት ብልጭ ብላ ጠፋች፤ በጊት ግን ክው ብላ ቀረች።

«ገበቴው ባዶ፣ ድመቷ አጥንት! ይህ ምን ጉድ ነው?»

ወተቱን ጨመረች። ገበቴው እንደ ወትሮው ተልሶ አደረ። በማግስቱ ጥቁሬን አየችው፤ እሱ ከእህቱ የባሰ ነበር። አሁንም ጨመረች። የእሷ ግልገል መክሳት ጀመረ፤ ድመቶቹም እንደ ከሱ ነው፤ ምግቡ ግን ያልቃል። ምስኪኗ በጊት ያን ሰሞን ሣር እየጋጠች ድንገት ቆም ትልና «ማን ነው ታዲያ የሚወፍረው?» እያለች ከራሷ ጋር ታወራ ጀመር። ቢቸግራት ብልህ ነች ወደሚሏት ወደ ቀበሮ ሄደች። እኔ ብሆን አልሄድም ነበር፤ ግን የቸገረው ማን ዘንድ አይሄድም?

«እመት ቀበሮ፣ ግራ ገብቶኛል። የሰው አደራ ተቀብዬ እያበላሁ ይከሱብኛል።»

ቀበሮ ጆሮዋን አቆመች። «እስኪ ልጄ፣ ሲበሉ አይተሻቸዋል?»

«ኧረ በስመአብ! ሲበላ ቆሞ ማየት ነውር አይደል? አስቀምጬ ፊቴን አዙሬ ነው የምሄደው።»

«እሰይ የጨዋ ልጅ!» አለች ቀበሮ፤ ደስታዋ ከልቧ ነበር። «እንዳታያቸው! ከሲታን ሲበላ ካዩት ዓይን ያድርበታል። የእነሱ ችግር ሌላ ነው። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ሲባል አልሰማሽም? የደጅ ድመት ዓመሏ ነው፣ ስትበላ ትከሳለች፣ አብዝታ ስትበላ ትወፍራለች። አሁን ገና ከመጀመሪያው ላይ ናቸው።»

«ስትበላ ትከሳለች... አብዝታ ስትበላ ትወፍራለች...» በጊት ቃሉን ደጋገመችው። አልገባትም። ያልገባት ግን እሷ ሰነፍ ስለሆነች መሰላት።

«ስለዚህ ጨምሪ» አለች ቀበሮ። «ቅቤም ጣል ብታደርጊበት አይጠላም።»

በጊት ጨመረች። ያን ማታ ቀበሮ ሆዷን ይዛ እየሳቀች በላች።

ሻሺት ግን ከዚያ በላይ መቆየት አልቻለችም። «እዚህ ቁጭ ብዬ ከምሞት እህል ያለበት አገር እፈልጋለሁ» አለች። እናቷ «ትንሽ ታገሺ» ብላ ለመነቻት። «ማንን ነው የምጠብቀው?» አለችና በአጥሩ ላይ ዘልላ ወደ ጫካው ገባች። እማማ ቡሬ ዓይኗ እስኪደክም በሄደችበት አቅጣጫ ስትመለከት ዋለች።

የበጊት ወተት ደግሞ እየነጠፈ መጣ። ከባዶ አይቀዳምና አንድ ማታ ገበቴው ውስጥ የገባው ከወትሮው ግማሽ አልሞላም። ጅብ ሲልሰው ምላሱ ወዲያው እንጨት ነካ።

«ቀነሰች!» አለ ተቆጥቶ። «ወተቱን ከየት ነው የምታመጣው?»

«ከራሷ ነዋ አያ ጅቦ።»

ጅብ ብዙ ጊዜ ወስዶ አሰበ። ማሰብ አይሆንለትም፤ ቢሆንም አሰበ። «እንግዲያ ወተቱ ያለው በጓ ውስጥ ነው ማለት ነው። በጓን ብበላት ሁሉንም አንዴ አገኘሁት!»

«ኧረ ተው!» አለች ቀበሮ ደንግጣ። «የምትታለበውን አርደህ ነገ ምን ልትበላ?»

«ነገ የቀበሮ ነው፤ የጅብ ቀኑ ዛሬ ነው» አለና በማግስቱ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ መጥቶ ከጎተራው ጎን አደፈጠ።

በጊት እየተጨነቀች መጣች። ወተቷ ጠብ አልል ብሏት ፍርፋሪውን በውሃ አርሳው ነበር። እማማ ቡሬና ጥቁሬ በጎተራው ክዳን ላይ ተለጥፈው ከላይ ያያሉ። ጅቡ ሲያደፍጥም፣ በጓ ምንም ሳታውቅ ስትቀርብም ያያሉ።

«እማማ፣ ወጥ ቤቱን ሊበላት ነው እንዴ?» አለ ጥቁሬ።

«የራሱን አገልጋይ? ለምን?»

«ጅብ ነዋ!»

«ጅብ መሆኑንስ አውቃለሁ» አለች አሮጊቷ፤ ራሷ ዞረባት። «ግን ወዳጁ ብትሆን ከእሱ ትሸሻለች ወይስ ወደ እሱ ትመጣለች? ብታየው ትሸሽ ነበር... አላየችውም! እዚህ መኖሩን ጨርሶ አታውቅም! ታዲያ ያን ሁሉ ምግብ ለማን ነው የምታመጣው?»

በጊት ፍርፋሪውን ገበቴው ውስጥ አደረገችና እያለቀሰች «ኑ ብሉ፣ የአደራ ልጆቼ፤ ዛሬስ ይህችው ናት» አለች።

ጅብ ዘሎ ላቷን ያዘ። በጊት ጮኸች። ያኔ እማማ ቡሬ ያንን ሁሉ የረሃብ ዘመን ጥፍሯ ውስጥ አጠራቅማ ከክዳኑ ላይ በቀጥታ በጅቡ አፍንጫ ላይ ወረደች። ጥቁሬም ጆሮውን ያዘ። አያ ጅቦ ምን እንደነከሰው አላወቀም፤ ጎተራው የነከሰው መስሎት «ጎተራ በላኝ!» እያለ በጩኸት አጥሩን ጥሶ ጠፋ። በቀዳዳው ብቅ ብላ የነበረችው ቀበሮም ከእሱ ቀድማ ነበር የሮጠችው።

በጊት ላቷ እየደማ መሬት ላይ ተቀመጠች። እማማ ቡሬ ራቅ ብላ ስታያት ቆየች፤ ከዚያ ወደ ገበቴው ቀረበችና በውሃ የራሰውን ፍርፋሪ መብላት ጀመረች። ጥቁሬም ተከተላት። በጊት ይህን ጊዜ ፊቷን አላዞረችም። ሲበሉ ዓይኗን ሳትነቅል አየቻቸው፤ ያን ሁሉ ጊዜ ማንን ስታበላ እንደኖረች ያኔ ገባት።

ብዙም ሳይቆይ አህዪት ጀርባዋ ድኖ፣ ጠጉሯ ፈክቶ መጣች። ከአጥሩ በር ላይ ሆና አናፋች። እማማ ቡሬና ጥቁሬ ወጡ። አህዪት ጠበቀች። ደግማ አናፋች።

«ሻሺትስ?»

ሁለቱም ዓይናቸውን ወደ ጫካው አዞሩ። አጥንት ብቻ የቀሩትን ሁለቱን ስታይ ደሟ ፈላና ግልገሏን አስከትላ ፍርፋሪ ይዛ ወደመጣችው ወደ በጊት ዞረች። «አደራ በላ! አንቺ አደራ በላ!»

በእኛ አገር ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። በጊት የተነከሰ ላቷን፣ የከሳ ግልገሏን ማሳየት ትችል ነበር፤ ግን እንባዋ ብቻ ዱብ ዱብ አለ።

ያን ጊዜ ከልጆቿ በቀር ለማንም ተናግራ የማታውቀው እማማ ቡሬ በበጊትና በአህዪት መካከል መጥታ ቆመች።

«እሷን ተያት» አለች። «ወተቷን ሰጥታናለች፣ ልጇን አስርባልናለች፣ በጅብ ልትበላም ነበር። እኛ ግን ጠላት መስላን ስንሸሻት ኖርን። አህዪት፣ ስለ እኛ ለእሷ ሁሉንም ነግረሻታል፤ ስለ እሷ ለእኛ ማን ነገረን? ልጄ የሄደችው አንቺ የሞትሽ መስሏት ነው።»

አህዪት አንገቷን ደፋች። ከዚያ በጊትን ላቷ ላይ ቀስ አድርጋ ላሰቻት፤ ይቅርታዋ ያ ነበር። ተራራው ጫፍ ላይ ወጥታም ሻሺትን ስትጠራ ዋለች። የራሷ ድምፅ ብቻ ከገደሉ ተመልሶ መጣ።

ከዚህ የምንማረው አደራ ስንሰጥ ለተቀባዩ ብቻ ተናግረን መሄድ እንደማይበቃ፣ ተቀባዩን እጁን ይዘን ከአደራው ጋር ማስተዋወቅ እንዳለብን፣ አደራ የተቀበለም ገበቴው መላሱን ሳይሆን የበላውን አፍ ማየት እንደሚገባው ነው።