የስመኝ የመዳን ነጠላ

በአንድ ወቅት ነው፣ ሩቅ አይምሰላችሁ፤ ሸማኔና ጠላፊ በበዛበት በአንድ ደጋ አገር የሆነ ነገር ነው። ሳልጨርስ ፍርድ መስጠት የለም። ስጨርስ እንደ ልባችሁ ተጨቃጨቁ።

ስመኝ የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። እናት አባቷ ሞተዋል፤ ያሳደጓት ታላቅ ወንድሟ አዝመራውና ታላቅ እህቷ ባንቺወሰን ናቸው። እጇ ጥልፍ ያውቃል፤ ጭንቅላቷ ደግሞ ከእጇ ይቀድማል። አንድ ጊዜ ያየችውን ጥልፍ ከወር በኋላ ሳትሳሳት ትደግመዋለች። አምስት ሴቶች አምስት ወሬ ሲያወሩ የአምስቱንም እየሰማች፣ መሃል ገብታ እየቀለደች ትጠልፍ ነበር። አብራት የምትጠልፍ ሙዳይ የምትባል ጓደኛ ነበረቻት፤ ሁለቱን ለይቶ የሚጠራቸው ሰው አልነበረም።

ነሐሴ መጣ፣ ፍልሰታ ተጾመ። ስመኝም እንደ አገሬው ጾመች። ጾሙ ተፈታ፣ ሰው ሁሉ ገደፈ፤ እሷ ግን «ትንሽ ልጨምር» አለች። ቀኑን ሙሉ ሳትቀምስ ትውላለች። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው ይከበራል እንጂ ይጠየቃል እንዴ? «ብርቱ ጾመኛ» ተባለች። ባልቴቶች ሳይቀሩ እጇን እየሳሙ «በጸሎትሽ አስቢኝ» አሏት። ባንቺወሰንም አንገቷን ቀና አድርጋ «የእኔ እህት እኮ ናት» ትል ነበር። ስሕተቱ ይኼው ነው፤ በሽታ ገባና የጾም ስም ተሰጠው። አንዲት ጉርሻ ስትውጥ ሆዷ ውስጥ እሳት የገባ ያህል እንደምትፈራ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ደግሞስ ለማን ትናገረው?

እየዋለ እያደረ ጭንቅላቷ ጠበበ። ገበታው ላይ ስንት ፍሬ ሽምብራ እንዳለ ታውቃለች፤ ሰዉ ስለ ምን እንደሚያወራ ግን አታውቅም። የጀመረችው ቃል መጨረሻው ይጠፋባታል። ከቀዩ ክር ወደ አረንጓዴው ተሻገሪ ቢሏት አይሆንላትም፤ አንዲት ቅጠል ጫፍ ላይ ሦስት ቀን ተቀምጣ ትጠልፋለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ትጠልፋለች። ጫፏ እንከን የላትም፤ ነጠላው ግን የለም። ሰው ይህንንም ዝምታዋን ለጽድቅ ቆጠረላት። እንዲህ ሆና በሰው መሃል ብቻዋን ቀረች።

መጀመሪያ የነቃችው ባንቺወሰን ናት። በዓመቱ የስመኝን ልብስ ስትቀይር የጎድን አጥንቷ ሲቆጠር፣ ክንዷ ላይ እንደ ጫጩት ያለ ስስ ጠጉር በቅሎ አየች። ሮጣ ወደ ንስሐ አባታቸው ሄደች።

«የጾሟ መፍቻ መቼ ነው?» አሉ መምሬ።

«መፍቻ የለውም፣ አባቴ።»

«መፍቻ የሌለው ጾም አይባልም፣ ልጄ።»

እሑድ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ባንቺወሰን እህቷን ይዛ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመች። «እጇን አትሳሙ። እህቴ ታማለች እንጂ አልጾመችም። ከሁሉ ይልቅ ያሞገስኋትም እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ «በርቺ» የሚላት ጠፋ። ግን ሰው ክፉ ነው፤ ትናንት እጇን የሳመው ዛሬ «አስመሳይ» አላት። ስመኝ ከቤት መውጣት ተወች።

አዝመራው ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ሐኪም ቤቱ በበቅሎ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ነው። እንሂድ ቢላት «ከወሰድኸኝ ወንድሜ አይደለህም» አለች። ሦስት ጊዜ ለመናት፤ እንቢ። በአራተኛው «የሐር ክር ልገዛልሽ ነው። ሐኪም ቤት ብወስድሽ የእናታችን አጥንት ይፋረደኝ» ብሎ ማለላት። አመነችው። በበቅሎ ጫናትና ሐኪም ቤቱ በር ላይ አወረዳት።

ሐኪሟ መርምራ ስታበቃ «ሦስት ቀን ብትዘገዩ ልቧ ይቆም ነበር» አለችው። «ምክር አልሰማ አለች ብላችሁም አትቀየሟት። የሚራበው ሆድ ብቻ አይደለም፤ ጭንቅላትም ይራባል። የተራበ ጭንቅላት አንድ ሐሳብ ከያዘ መልቀቅ ያቅተዋል።» ሁለት ወር በማንኪያ በማንኪያ አበሏት፤ ነፍሷ ተረፈች። ወንድሟን ግን ቀና ብላ አላየችውም። እሱም መሐላውን እያሰበ እስከ ዛሬ የእናቱ መቃብር አጠገብ አያልፍም።

የሙዳይ ጥፋት ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል። በዚያ የጾም ዓመት፣ ማታ የሚቀርብላትን ስመኝ ወደ ጓደኛዋ እየገፋች «ብይልኝ፤ አትንገሪብኝ» ትላት ነበር። ሙዳይ ለፍቅር ብላ በላችላት፤ ሳህኑ ባዶ ስለሚመለስም ማንም አልጠረጠረም። ስመኝ ከሐኪም ቤት ስትመለስ ወንድምና እህቷ ቤት አልገባም ብላ ለብቻዋ ጎጆ ተቀመጠች፤ ሙዳይ ምንጣፏን ይዛ መጣችና ስምንት ወር አብራት ኖረች። ጧት፣ ቀትር፣ ማታ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ እኩል ትበላለች። አንዳንዱ ምሳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል። ስመኝ ታለቅሳለች፣ ትሰድባታለች፤ ሙዳይ ከገበታው አትነሣም።

ጥልፍ ሲይዙ ደግሞ «ዛሬ አንድ መርፌ እናሳስት» ትላታለች። አውቀው አንዷን ስፌት ያጣምሟታል፤ መፍታት ክልክል ነው። በመጀመሪያው ሰሞን ስመኝ ልትፈታት ትታገል ነበር። ከዚያ ነጠላውን ግድግዳው ላይ ይሰቅሉና በሩ ጋ ቆመው ያዩታል፤ ከዚያ ሲያዩት ጠማማዋ ስፌት አትለይም፣ የሚታየው ነጠላው ነው። ቀስ በቀስ ቀዩን ትታ አረንጓዴውን ማንሣት ቻለች። አንድ ቀን እንደ ድሮው ወሬ መሃል ገብታ ቀለደች፤ ሙዳይ ሳቋ እንባ ሆነባት። የሙዳይ እጮኛ ግን ስምንት ወር አልታገሠም፤ ሌላ አገባ።

እንግዲህ በዚያ አገር አንድ ወግ አለ። ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሰው መጀመሪያ በእጁ የሠራውን ልብስ ለመለሰው ሰው ያለብሰዋል። ልብሱ አንድ ነው፣ ትከሻውም አንድ፤ አይቀደድም፣ አይደገምም። የለበሰው ሰው ከዚያ ወዲያ እንደ ወላጅ ነው፤ የዳነውም ኑሮው እሱ ቤት ይሆናል።

ነጠላው ሲያልቅ ሦስቱም መጡ።

«በሽታውን በስሙ ባልጠራው ኖሮ እስክትሞች እጅሽን ሲስሙ በኖሩ ነበር» አለች ባንቺወሰን።

«እኔ ባልዋሽ ይህ ነጠላ አይሠራም ነበር» አለ አዝመራው።

«ነፍሷን ሐኪም ቤት መለሳት። ስመኝን ራሷን የመለሳት ማን ነው?» አለች ሙዳይ።

ስመኝ ነጠላውን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው፤ ለማንም ግን አላለበሰችም። ሦስቱም ቅር ብሏቸው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ አንዳቸውም ደጇን አልረገጡም። ኩራት ይሁን፣ ወይም እንዳይጫኗት ብለው ይሁን እኔ እንጃ።

ጎረቤቷ እኔ ነኝ። ባለፈው ሰኞ ብቅ ብል ብቻዋን ገበታ ፊት ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ አንዱን ልመርጥ ስል ሁለቱ ፊቴ ይቆማሉ። ጭንቅላቴ እንደዚያን ጊዜው አንድ ቦታ ቆመብኝ» አለችኝ። ምሳዋ ግማሹ እዚያው ነበር።

«ብይ እንጂ፣ የእኔ ልጅ» ብላት «ብቻዬን አልወርድ አለኝ» አለች።

ደነገጥሁ። ማክሰኞ የተረፈው ከሰኞው በለጠ፤ ረቡዕ ደግሞ ከማክሰኞው። ሦስቱን ሄጄ ብለምን «እስክትመርጥ አንመጣም» አሉኝ። ለአንዱ ካላለበሰች ገበታዋ ሰው አያገኝም፤ ለአንዱ ካለበሰች ደግሞ ሁለቱን ታጣለች። እኔ ፈትል እንጂ ፍርድ አላውቅምና «ሰው ጠይቄ ልምጣ» ብያት ወጣሁ። አሁንም ደጁን እያየች ተቀምጣለች። እስቲ ንገሩኝ፣ ምን ብዬ ልግባ? እውነቱን ተናግራ ላዋረደቻት፣ በእናቱ አጥንት ዋሽቶ ላዳናት፣ ወይስ በሽታዋን ደብቃላት ኋላ አብራት ለቆየችው፣ ነጠላው የሚገባው ለማን ነው?