ገረጋንቲ ይግባበት?

አንድ ጡረተኛ ነበረ። ሐምሌ ሃያ አንድ ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ ልጁን ለጋብቻ ሊጠይቁ ከመጡት ሦስት ሽማግሌዎች አንዱ፣ ጡረተኛው ባሠራው አዲስ የግቢ መንገድ ላይ እስከ ጉልበቱ ሰጠመ።

መምህር ገብረየስ ታሪኩን በዚህ የጀመሩት ለተማሪያቸው ለውድነሽ ነው። ውድነሽ ግንባታ ትማራለች፤ በነጋታው ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ልትወጣ ነው። «መምህር፣ ፎርማኑ ያልገባኝን ቃል ቢናገር ዝም ብዬ ራሴን ብነቀንቅ ምን አለበት? ከጠየቅሁማ ይስቁብኛል» ብላቸው ነበር።

መምህሩ ቀጠሉ።

ጡረተኛው ሠላሳ ዓመት በሹመት የኖረ፣ ሰው የሚጠይቀው እንጂ ሰው የማይጠይቅ ነበር። የግቢው አፈር ውሃ ሲነካው የሚላቁጥ ጥቁር መረሬ ነው፤ ክረምት ሲገባ ከበሩ እስከ በረንዳው መድረስ ላብ ያስወጣል። አንድ ልጁን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች እንደሚመጡ ሲነገረው፣ በጭቃ ተቀብያቸው እንዳልዋረድ ብሎ ግንበኛ ጠራ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ሊያነጥፍለት ተስማሙ።

«ጋሼ፣ ከሥሩ ገረጋንቲ ይግባበት?» አለ ግንበኛው።

ጡረተኛው ቃሉን ሰምቶት አያውቅም። ማሽን ይሁን፣ ዘይት ይሁን፣ የሰው ስም ይሁን መለየት አልቻለም።

«እሱማ የግድ ነው! ያለ ገረጋንቲ መንገድ የት አይተሃል?»

«ምን ያህል ይሁን?»

«እንደ መንገዱ ነዋ!»

ግንበኛው በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። የጡረተኛው ሚስት ግን ከበረንዳው ሆና «ኧረ ለመሆኑ ገረጋንቲ ምንድን ነው?» አለች።

«የሙያ ነገር ነው፤ አንቺ አይገባሽም» አላት።

በማግስቱ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ጎራ አለና እንደ ዘበት «ዘንድሮ ገረጋንቲው እንዴት ነው?» አለ። «ምንም አይልም ጋሼ» አለው ሻጩ። ጡረተኛው «ጎሽ!» ብሎ እንደሄደ ተመለሰ።

ሥራው በሳምንቱ አለቀ። ጡረተኛው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዞር ዞር ብሎ አየው።

«ገረጋንቲው ገብቷል?»

«ገብቷል ጋሼ» አለ ግንበኛው፣ ዓይኑን ከድንጋዩ ሳያነሳ።

መንገዱ ያምር ነበር። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አደነቀ። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ዘነበ። እሑድ ከሽማግሌዎቹ ወፍራሙ አራተኛውን ድንጋይ ሲረግጥ ድንጋዩ ተገለበጠ። ሰውየው ከነጋቢው ወረደ። ጎትተው ሲያወጡት አንድ ጫማው እዚያው ቀረ።

«የኔ ጌታ፣ ከሥሩ ገረጋንቲ አላስገቡበትም እንዴ?» አለ ሽማግሌው፣ በአንድ እግሩ ቆሞ።

ጡረተኛው ሚስቱን አየ። ልጁ በመስኮት መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ታያለች።

«ገረጋንቲ ምንድን ነው?» አለ።

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለማወቅ ብሎ የጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ሽማግሌውም ጭቃውን እየጠረገ ነገረው። ገረጋንቲ ከኮረብታ ተቆፍሮ የሚመጣ፣ ጠጠርና አፈር የተቀላቀለበት ሙሌት ነው። መረሬው ተቆፍሮ ይወጣል፣ እሱ ይሞላል፣ ይጠቀጠቃል፤ ድንጋይ የሚነጠፈው ከዚያ በኋላ ነው። ማብራሪያው አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ሽማግሌዎቹ ግን «በአንድ ጫማ ልጅ አይጠየቅም» ብለው የመጡበትን ሳይናገሩ ተመለሱ። ልጅቱም ሌላ አንድ ዓመት ቆየች።

መምህሩ ወደ ውድነሽ ዞሩ። «ያልገባሽን ቃል ራስሽን ነቅንቀሽ ስታልፊ ያንን መንገድ ነው የምትመስዪው። ላይሽ ያምራል፤ ከሥርሽ ጭቃ ነው። የሚሰጥመው ደግሞ አንቺን አምኖ የረገጠው ሰው ነው።»

ውድነሽ አልተዋጠላትም። «ጥፋቱ የግንበኛው ነው እንጂ! ሳያስገባ ገብቷል አለ። ሌባ ነው።»

«ሌባስ አልነበረም። ቃሉን ከሌላ ግንበኛ አፍ ከሰማ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ጡረተኛው ሲመልስልኝ ይገባኛል ብሎ ነው የጠየቀው። እሱ ‹እንደ መንገዱ› ሲለው፣ አሸዋ መሆን አለበት ብሎ አሸዋ በተነበት።»

«ይህን እርስዎ በምን አወቁ?»

«አሸዋውን የበተንኩት እኔ ነኛ» አሉ መምህር ገብረየስ።