በቡፌው ውስጥ የተቆለፈው ዋይፋይ

በአንድ ወቅት፣ ያውም በእኛው በስልክ ዘመን፣ ወይዘሮ እታፈራሁ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ሦስት ልጆች አሏቸው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ የእሳቸው ልጆች ግን መለያየት ብቻ ሳይሆን መጠላላትም አልቀራቸውም። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ እሳትና ጭድ ሆነዋል።

የጠቡ መነሻ በመንገዱ በኩል ያለችው አንዲት ክፍል ናት። አባትየው ሰዓት ሲጠግኑባት ኖረው፣ ለማን እንደምትሆን ሳይናገሩ አረፉ። ታላቁ ይርዳው ሱቅ ሊከፍትባት ይፈልጋል። መሃለኛዋ ሙሉሸዋ የፎቶ ኮፒ ማሽን ልትተክልባት አስባለች። ታናሹ አስቻለው አናጢ ነው፤ የሠራውን ዕቃ ደርድሮ ሊሸጥባት ይመኛል። ከተዝካሩ ቀን ጀምሮ ሙሉሸዋ ታላቅ ወንድሟን «ወንድም ጋሼ» ማለት ትታ «ሰውየው» ትለዋለች። አስቻለውን ደግሞ ሁለቱም ምንም አይሉትም።

ቤተሰብ ሲጣላ ሌላው በር ያገኛል። የሟች ወንድም አቶ ድንበሩ «ቤቱ በሙሉ የአባቴ ነው፤ ለእኔ ይገባል» ብለው ከሰሱ። በዚሁ መካከል ወይዘሮ እታፈራሁ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና ሐኪም ከአልጋ እንዳይወርዱ አዘዘ። ፍርድ ቤቱ ያለው የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ነው። ዳኛው አዝነው በቪዲዮ እንዲቀርቡ ፈቀዱ።

በመጀመሪያው ቀጠሮ የሴትየዋ ምስል አፋቸውን እንደከፈቱ ደርቆ ቀረ። ድምፃቸው ተቆራርጦ ጠፋ። አቶ ድንበሩ ችሎት ውስጥ ቁጭ ብለው ሳቁ ይባላል። ዳኛው «በሚቀጥለው ቀጠሮ ካልቀረቡ በሌሉበት ይወሰናል» ብለው መዝገቡን ለሦስት ሳምንት ቀጠሩ።

ያን ዕለት ወይዘሮ እታፈራሁ ተናደው ሦስቱንም አስጠሩ። «ልጅ ወልጄ መሰለኝ» አሉ። «ይህን ቤት ያተረፈልኝ የመንገዷን ክፍል ይወስዳል። በአባታችሁ አፅም ምያለሁ።»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። የቤቱ አጥር ሥር አንድ ረጅም ሕንፃ በቅርቡ ተሠርቷል። የሞባይል ኔትወርኩን ጋርዶታል፤ በአርባ ክፍሎቹም አርባ የዋይፋይ ራውተር ተሰክቷል። ዋይፋይ ደግሞ በአየር ላይ የራሱ መንገዶች አሉት። ሁለቱ የቆዩት መንገዶች እንደ ገበያ ቀን ጎዳና ተጨናንቀው የሴትየዋን ድምፅ አላሳልፍ አሉ። አዲስ የሚወጡት ራውተሮች ግን ሦስተኛ መንገድ አላቸው፤ ስድስት ጊጋኸርዝ ይሉታል። ሰፊ ነው፣ ባዶም ነው። ነገር ግን ሁለት አመል አለው። አንደኛ፣ የቆየ ስልክ ጭራሽ አያየውም። ሁለተኛ፣ ግድግዳ ያደክመዋል፤ መልክ ማያ መስታወት ፊቱ ከቆመ ደግሞ ወደ መጣበት ይመለሳል።

ይርዳው ይህን ሦስተኛ መንገድ የሰማው ከሚያውቀው ነጋዴ ነው። አላመነታም፤ ሞተር ሳይክሉን ሸጦ አዲሱን ራውተር ገዛ። ከዚያ ወዲህ የሚሸጠውን እቃ ተሸክሞ በእግሩ ነው የሚሄደው። ራውተሩን ግን ክፍት ቦታ ላይ አላኖረውም። ሳሎኑንና የእናቱን አልጋ የሚከፍል አንድ ትልቅ ቡፌ አለ። እዚያ ውስጥ፣ ከሠርግ ብርጭቆዎቹ መካከል፣ በቡሎን አሰረው። ቆልፎም ቁልፉን ኪሱ ከተተ። «እነዚህ ሁለቱ ነቅለው ይሸጡታል» አለ። እናቱም አቧራ እንዳይነካው ብለው ዳንቴል አለበሱት።

ሙሉሸዋ ስልኳ አዲስ ነው። የሌሎቹ ስልክ ሦስተኛውን መንገድ ሲፈልግ ውሎ ሲያጣው፣ የእሷ ገና ሳሎን እንደገባች አየው። አየችና ዝም አለች። ይርዳው በየጎረቤቱ አዲስ ስልክ ሲለምን ሁለት ሳምንት ሙሉ እያየች ዝም አለች። «ሰውየው ይልፋ» ብላ ነው። በቀጠሮው ጠዋት ግን አንጀቷ አልቻለላትም። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ስልክ፣ ዓመት ሙሉ ስትጠብቀው ለኖረችው ሥራ የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ነበራት። መጣችና ስልኩን በእናቷ እጅ አስቀመጠች።

«ያንቺስ ነገር?» አሏት እናቷ።

«የእኔ ይቅር» አለች። ያ ሥራ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ስልኩ ከሳሎን ወደ አልጋው ሲዞር መንገዱ ጠፋ። ሙሉሸዋ ወዲያ ወዲህ አዞረችው፤ ወይዘሮ እታፈራሁ ላብ አጠመቃቸው። አስቻለው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ምክንያቱን ያውቃል። አንድ ጊዜ ሰው ቤት ትልቅ መስታወት ገጥሞ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ዋይፋይ ድርግም ማለቱን በዓይኑ አይቷል። የቡፌው ጀርባ ደግሞ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። ይርዳው ራውተሩን እዚያ ሲያስር አይቶ ያልተናገረው፣ «ማን ጠየቀኝ?» ብሎ ነው።

ቁልፉ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ነው። ይርዳው አጎቱን በዓይኔ ልከታተል ብሎ ችሎት ሄዷል። እዚያ የእናቱ ስም ሦስት ጊዜ ተጠርቶ መልስ ሲጠፋ ብድግ አለ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ እናቴ እየመጡ ነው።»

«አልጋ ላይ ናቸው አላላችሁም?» አሉ ዳኛው።

«ከአልጋቸው ሆነው እየመጡ ነው። አሥር ደቂቃ ብቻ።»

ችሎቱ ሳቀ፤ አሥር ደቂቃውም ተሰጠ። ይርዳው ወጥቶ እህቱ ዘንድ ደወለ። ከተዝካሩ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ኔትወርክ የለምና አልገባለትም።

አስቻለው ከጓዳ መዶሻ ይዞ ወጣ። ያን ቡፌ የሠራው ራሱ ነው፤ የመጀመሪያ ሥራው ነበር። አባቱ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ያመሰገኑት በእሱ ነው።

«አንተ ልጅ፣ የአባትህን ምርቃት ነው የምትሰብረው» አሉ እናቱ።

«አውቃለሁ» አለና በአልጋው በኩል ጀርባውን መታው። ጣውላው ተሰነጠቀ፤ መስታወቱ ረገፈ፤ የሠርጉ ብርጭቆ አንድ እንኳ አልተረፈም። ዳንቴሉንም ገፈፈው። ስልኩ መንገዱን ያዘ።

ወይዘሮ እታፈራሁ ዳኛው ፊት ቀረቡ። ከትራሳቸው ሥር ለልጆቻቸው እንኳ አምነው ያልሰጡትን አንድ ያረጀ ወረቀት አውጥተው ወደ ስልኩ አስጠጉ። አቶ ድንበሩ ከሃያ ዓመት በፊት «ከአባቴ ውርስ ድርሻዬን ወስጃለሁ» ብለው የፈረሙበት ነው። ምስሉ ጥርት ብሎ ስለታየ ዳኛው ፊርማውን ፊደል በፊደል አነበቡት። አቶ ድንበሩም የራሳቸው ፊርማ መሆኑን መካድ አልቻሉም። ክሱ ውድቅ ሆነ።

በማግስቱ ይርዳው ከመንገድ ገባ። ስብርባሪው ገና አልተጠረገም ነበር፤ ሁለቱ «አንተ ጥረግ፣ አንቺ ጥረጊ» ተባብለው ትተውታል። ሦስቱ በአልጋው ዙሪያ ቆሙ።

«ራውተሩ ባይኖር ሁላችሁም የትም አትደርሱም ነበር» አለ ይርዳው። «አሥር ደቂቃዋንም የለመንኩ እኔ ነኝ።»

«ቁልፉን ኪሱ ከቶ የሄደ ሰው ይናገራል?» አለች ሙሉሸዋ። «ያለ እኔ ስልክ ራውተርህ የብርጭቆ ጓደኛ ነበር። እንጀራዬንም ያጣሁት እኔ ነኝ።»

«ሁለት ሳምንት ደብቀሽው» አለ አስቻለው። «መዶሻ ባላነሳ ሁለታችሁም ዛሬ ከአጎታችን ቤት ትለምኑ ነበር።»

«አውቀህ ዝም ያልከውስ?» አሉ ሁለቱ በአንድ አፍ። በዓመት ውስጥ የተስማሙት በዚህች ብቻ ነው።

ከዚያም እያንዳንዱ ማለ። ክፍሏ ለሌላው ከተሰጠች ዳግመኛ የዚህን ቤት ደጃፍ እንደማይረግጥ ማለ። ወይዘሮ እታፈራሁ አንድ በአንድ አዩአቸው። ቤቱን ሦስቱም አትርፈውታል፤ ሦስቱም በቂማቸው ሊያስወስዱት ነበር። ከአልጋ ለመነሳት እንኳ የሰው እጅ የሚፈልጉ ሴት ናቸው፤ ክፍሏን ለአንዱ ሲሰጡ ሁለቱን ያጣሉ። አልሰጥም እንዳይሉ ደግሞ በሟች አፅም ምለዋል። የክፍሏን ቁልፍ ከአንገታቸው አውልቀው መዳፋቸው ላይ አኖሩ። ሦስት እጅ ተዘረጋ።

ይህን በአንድ የለቅሶ ድንኳን አውርቼው ሁለት ሽማግሌዎች ተጣልተው እስከ ዛሬ ሰላም አይባባሉም። እናንተ ግን ሳትጣሉ ፍረዱ። መንገዱን ገዝቶ ለቆለፈው ነው፣ መንገዱን የሚያይ ስልክ ይዛ ለደበቀችው ነው፣ ወይስ ምክንያቱን አውቆ ዝም ብሎ በመጨረሻ ለሰበረው? በእሳቸው መዳፍ ላይ ያለችው ቁልፍ የምትገባው ለማን ነው?